የዶላሩ ጫና የሚያርፈው የሞተር ጎማ ላይ ነው

ምግብ በስልካችሁ ስታዝዙ ከምትከፍሉት የማድረሻ ሒሳብ ውስጥ ምን ምን ያለ ይመስላችኋል? ቤንዚን አለ፣ የሞተረኛው ድካም አለ፣ የአፑ ኮሚሽን አለ። አንዱን ግን ብዙዎቻችን አናስበውም፤ ጎማውን።

የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር መንግሥት ያሳውቃል፣ ዜና ይሆናል፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ስንከራከርበት እናመሻለን። የሞተር ጎማ ዋጋ ሲጨምር ግን ማንም መግለጫ አይሰጥም። የሚያውቀው ጎማ ሊቀይር የሄደው ልጅ ብቻ ነው። እሱም ዋጋውን ሰምቶ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ውሳኔ አንድ ነው፦ «ትንሽ ልንዳበት።»

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች «ትንሽ ልንዳበት» ነው። በእኔ እምነት ካለፉት ዓመታት የምንዛሪ ለውጥ ጫና ትልቁ ቁራጭ ተደብቆ የተቀመጠው እዚህ ቃል ውስጥ ነው።

ጎማ እንዴት ያልቃል?

መጀመሪያ ጎማው ራሱ እንዴት እንደሚበላ እንይ። አውሮፓና አሜሪካ ረጅም መንገድ በሞተር ለሚጓዙ ሰዎች ተብሎ የሚሠራ የጉዞ ጎማ አለ። እንደ ሚሽሊን፣ ደንሎፕ፣ ፒሬሊና ሜትዘለር ያሉ ትልልቅ አምራቾች ሁሉ ይሠሩታል። ብዙዎቹ መሃላቸው ጠንከር ያለ፣ ጎንና ጎናቸው ለስለስ ያለ ላስቲክ ነው። ምክንያቱም ሞተር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሬት የሚነካው መሃሉ ነው፤ ጎኑ የሚነካው ሲታጠፍ ብቻ ነው። መሃሉ ዕድሜ ይፈልጋል፣ ጎኑ ደግሞ መቆንጠጥ። እንዲህም ሆኖ የኋላው ጎማ ብዙ ጊዜ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ያልቃል። አነዳዱ፣ ጭነቱና መንገዱ ቁጥሩን በጣም ይቀይሩታል። የውድድር ባሕርይ ያላቸው ለስላሳ ጎማዎች ደግሞ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደው ይሰናበታሉ።

ቀጥ ባለ መንገድ ብዙ የተነዳ ጎማ መሃሉ ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል። ክብ የነበረው ጎማ ጠርዝ ያወጣል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩ ለመታጠፍ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ጠርዙን ሲያልፍ በድንገት ይወድቃል። ይህን የሚያውቀው የሚነዳው ሰው ነው፤ ቆመን ስናየው ጎማው ገና ጎኑ ላይ ጥርስ ስላለው «ደህና ነው» ልንል እንችላለን።

የኋላው ከፊተኛው ቶሎ የሚያልቀው የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ የሚያሳርፈው እሱ ስለሆነና አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከም ነው። የተጫነውን ሣጥንና ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ጨምሩበት።

እዚህ ጋ ንፋስም አለ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ መሬት ላይ ይለጠጣል፣ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል። የሞቀ ላስቲክ ቶሎ ይበላል። ንፋሱ ከልክ ያለፈ ከሆነ ደግሞ መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ይሆንና እዚያው ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ጎማ፣ በአንድ ቀን ተገዝተው፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ ዕድሜ ብቻ ቢኖር አይግረማችሁ።

አዲስ አበባ ላይ

የእኛ ከተማ ሞተረኛ የሚነዳው በአብዛኛው ቦክሰርና አፓቼ የመሳሰሉ ትንንሽ ሞተሮችን ነው። ክብደታቸው ቀላል፣ ጉልበታቸው ትንሽ ስለሆነ ጎማቸው ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይገባ ነበር። ግን ሥራው ሌላ ነው።

አገር አቋራጭ ተጓዥ 100 ኪሎ ሜትር ሳይቆም ሊነዳ ይችላል። የእኛ ልጅ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ምናልባት መቶ ጊዜ ይቆማል፣ መቶ ጊዜ ይነሳል። ጎማ በጣም የሚበላው በነዚያ ሰከንዶች ነው፤ ሲነሳ የኋላው መሬቱን ይፍቃል፣ ፍሬን ሲያዝ ፊተኛው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሞተር ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ነው። ኮብልስቶኑ ደግሞ አለ፣ ለኮሪደር ልማት የተቆፈረው መንገድና ጠጠሩም አለ።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማ አስተዳደሩ በሞተር ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የቀረው ሞተር በብዛት ፈቃድ ያለው የሥራ ሞተር ነው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ አያዋጣም፤ ጎማውም አያርፍም።

ሒሳቡን እንሥራው

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሯቸው።

አንድ ሞተረኛ በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። በወር 2,600 ኪሎ ሜትር ሆነ። አንድ ደህና የኋላ ጎማ 4,000 ብር ገዝቶ 12,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳበት አራት ወር ተኩል ገደማ ያገለግለዋል። በኪሎ ሜትር 33 ሳንቲም ማለት ነው።

ጎኑ ያለው ሱቅ ውስጥ በ2,500 ብር ሌላ ጎማ አለ እንበል፤ ግን የሚሄደው 6,000 ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር 42 ሳንቲም ገደማ። 24,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ባለ ደህናው ጎማ ልጅ 8,000 ብር አውጥቷል፤ ርካሹን የመረጠው 10,000። ላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ለጎሚስታ ከፍሏል፣ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ከሥራ ቀርቷል።

ታዲያ ልጁ ለምን ርካሹን ገዛ? ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም። በዚያች ቀን ኪሱ ውስጥ ያለው 2,500 ብር ስለሆነ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ውድ በሆነው መንገድ እንዲሄድ ይገደዳል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር «የእርጅና ቅናሽ» የሚባል ነገር አለ። ዕቃ ሲሠራበት ያልቃል፤ ያለቀው ከገቢ ላይ መቀነስ አለበት። ፋብሪካ ቢሆን ሒሳብ ሠራተኛው ይቀንሰዋል። ሞተረኛው ግን ማታ ስልኩ ላይ የሚያየው የቀኑን ገቢ ነው። ከዚያ ላይ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ኮሚሽኑ ቀድሞ ተቀንሷል፣ የቀረው ትርፍ ይመስለዋል። ከሱ ውስጥ ግን የተወሰነው ጎማው ነው፤ ተፍቆ አስፋልት ላይ የቀረው ላስቲክ ወደ ብር ተቀይሮ ነው ኪሱ የገባው።

ዶላሩ ጋ ስንመጣ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። እርግጥ ብዙ አስመጪ ከዚያ በፊትም ዶላሩን የሚያገኘው ከጥቁር ገበያ ስለነበር የዕቃ ዋጋ ሁሉ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ግን አብዛኛው የሞተር ጎማ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋጋው የሚከተለው ዶላርን ነው።

የማድረሻ ክፍያ ግን የሚከተለው የደንበኛን ኪስ ነው። የእኔና የእናንተ ደመወዝ በዶላር ፍጥነት ስላላደገ «ማድረሻው ተወደደ» ካልን ራሳችን ወርደን እንገዛለን። ሞተረኛውም ዋጋ ልጨምር ቢል ከጎኑ በድሮው ዋጋ የሚሄድ ሌላ ሞተረኛ አለ።

አንዱ ዋጋ ሲሮጥ ሌላው ከቆመ በመሃል የሆነ ነገር መለጠጥ አለበት። ቤንዚን አይለጠጥም፤ ካልቀዳህ አትሄድም። ኮሚሽን አይለጠጥም። የቤት ኪራይማ ጭራሽ። የሚለጠጠው ጎማ ብቻ ነው። በ12,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የነበረበት ጎማ እስከ 16,000 ይነዳል። ያቺ 4,000 ኪሎ ሜትር ብድር ናት፤ መያዣው ደግሞ የሞተረኛው አካል ነው።

የዚህ ብድር መጥፎነቱ ለረጅም ጊዜ ወለድ የማይጠይቅ መምሰሉ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ መላጣ ጎማም ይይዛል። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውኃን ወደ ጎን አውጥቶ ላስቲኩ መሬት እንዲነካ ማድረግ ነው። ስለዚህ እስኪዘንብ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። አሁን ወሩን ቁጠሩት፦ ጥር ላይ የተገጠመ ጎማ በእኛ ስሌት ግንቦት ላይ ያልቃል። በ«ትንሽ ልንዳበት» አንድ ወር ተኩል ሲጨመርበት ሰኔና ሐምሌ ይደርሳል። መንገዱ ዘይትና ጭቃ ተለውሶበት በሚያንሸራትትበት ወር ማለት ነው። የሳሳ ጎማ ሚስማርም በቀላሉ ይበሳዋል፤ ካላማዳሪው በየሳምንቱ ይለጠፋል።

ቦሎ አይበቃም

«ቁጥጥር አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ፤ በዓመት አንዴ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ። በወር 2,600 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተር በሁለት ቦሎ መሃል ከ31 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የኋላ ጎማው ከሁለት ጊዜ በላይ ያልቃል። በምርመራው ቀን ደህና የነበረው ጎማ በስድስተኛው ወር ምናለሽ ተራ በረባሶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የዓመት ቁጥጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትነዳ መኪና እንጂ ለሥራ ሞተር ተብሎ የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ስለዚህ ድርሻ ማካፈል አለብን። አዛዥ ድርጅቶቹ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በአፓቸው ያውቃሉ። ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ «ጎማህን አሳይ» የሚል መልእክት መላክ ቀላል ነው። ለብዙ ሞተር አንድ ላይ ጎማ መግዛትና ለሞተረኛው በትንሽ በትንሹ መቀነስም ይቻላል፤ ልጁን ከዚያ የ2,500 ብር ወጥመድ የሚያወጣው ይህ ነው። ከማድረሻ ክፍያው ውስጥም የጎማ ድርሻ በግልጽ ቢጻፍ ደንበኛው ምን እየከፈለ እንደሆነ ያውቃል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ይፈታዋል የሚሉም አሉ። ቤንዚንና የሞተር ዘይትን ያስቀራል፤ ጎማን ግን አያስቀርም። እንዲያውም የባትሪው ክብደትና ሲነሳ ያለው ጉልበት ጎማ ላይ ጫና ይጨምራል።

እስከዚያው

የምትነዱ ልጆች፣ ይህችን ያዙልኝ።

በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ንፋስ አስለኩ። ሞተር ከሄደ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ ልኩ ያሳስታል። ትክክለኛው መጠን በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ።

በጎማው ጥርሶች መሃል፣ ቦዩ ውስጥ፣ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው እኩል ከሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ብሪታንያ ውስጥ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጀርመን ለትልልቆቹ ሞተሮች 1.6።

ስትገዙ የጎማውን ጎን አንብቡ። አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲክ ሳይነዳበትም ያረጃል፤ «አዲስ ነው» ተብሎ ስድስት ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ በአዲስ ዋጋ አትግዙ።

የመጨረሻው ገንዘቡ ነው። የፊተኛውን ጎማ፣ ካላማዳሪውንና ጎሚስታውን ጨምሮ በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ብትይዙ በቀን 50 ብር፣ በወር 1,300 ብር ነው። አምስት ሞተረኞች እቁብ ብትገቡ በየወሩ ለአንዱ 6,500 ብር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ በአምስት ወር አንዴ ይደርሰዋል። ጎማችሁም የሚያልቀው እዚያው ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ጎማው በጣም ላለቀበት ስጡት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።