መላካን ሳታዩ አትመለሱ



ወደ ማሌዥያ የሚሄዱ ወንድምና እህቶቻችን የሚለጥፉት ፎቶ ሁሌ አንድ ነው፤ የኳላ ላምፑር መንትያ ሕንፃዎች። ማሻአላህ፣ ያምራሉ። ግን እባካችሁ ከገበያው አንድ ቀን ቀንሱና በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ሂዱ።

መላካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሱልጣኔት መናገሻ ነበረች። ቶሜ ፒሬስ የተባለ ፖርቱጋላዊ በወደቧ 84 ቋንቋ ይነገር እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቿን ከካይሮ፣ ከመካ፣ ከዓደን እያለ ሲዘረዝር ሐበሾችንም ይጠራል። አዎ፣ የኛን ሰዎች! ይህን ሳውቅ ከተማዋ የባዕድ አልመስል አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1511 ፖርቱጋሎች ያዟት። ከሠሩት ምሽግ ዛሬ የቀረው አንድ በር ነው፤ ቱሪስቱ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳበታል። ለምሽጉ ከመስጂዶችና ከሱልጣኖቹ መቃብር የተወሰደ ድንጋይ እንደዋለ ስንቱ ያውቃል? እኔ እዚያ በር ሥር ቆሜ ፈገግ ማለት አቃተኝ።

ልቤን የያዘው ግን ካምፑንግ ክሊንግ መስጂድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 በእንጨት ተሠራ፤ በ1872 በጡብ ታደሰ። ጉልላት የለውም። ጣሪያው ሦስት እርከን ሆኖ ወደ ላይ ይሾላል፣ ሚናራው የቻይና ፓጎዳ ይመስላል። እዚያው መንገድ ላይ የሂንዱና የቻይና ቤተ መቅደሶች አሉ። አዛኑ ከዚያ ሚናራ ይወጣል፤ ሰው ገንዳው ዳር ተቀምጦ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። ጉልላት ስለሌለው መስጂድነቱ ጎደለ ያለ አላጋጠመኝም።

እኔ ባደግኩበት ከተማ አያቶቻችን በድንጋይና በጭቃ ያነሱት መስጂድ ነበር። ምሰሶዎቹ የወይራ ግንድ ነበሩ። «አረጀ፣ ያሳፍራል» ተባለና ፈረሰ፤ በምትኩ ባለ ጉልላትና ባለ መስታወት ሕንፃ ቆመ። ጀማዓው ስለበዛ ማስፋት ያስፈልግ ነበር፣ አልክድም። ግን ከጎን መጨመር አይቻልም ነበር? ያኔ እኔም ገንዘብ አዋጥቻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ምሰሶዎቹ የት እንደተጣሉ እንኳ አልጠየቅኩም። መላካ ገንዳው ዳር ተቀምጬ እግሬን ሳጥብ ነው ትዝ ያሉኝ።

በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ መስጂድ ካለና የማፍረስ ወሬ ከተጀመረ፣ ከመዋጮው በፊት ለኮሚቴው ይህን ጥያቄ አንሱ። ቢያንስ ፎቶ አንሱት፤ ሽማግሌዎቹን ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ጻፉ። ያላችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።