የጠራው ውሃ

እኩዮቼ፣ በዚህ በስምጥ ሸለቆ ቆላ አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያ ጉድጓድ የተመረቀበትን ቀን አስታውሱ። ፓምፑ ተነሥቶ ውሃው ኩልል ብሎ ሲወርድ ሴቶች እልል አሉ፣ እኛም በሬ ጥለን መረቅን፣ የደፈረሰውን ወንዝ እየናቅን በእፍኛችን ጠጣን። በውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ቀለምም ሽታም የለው። ሸለቆአችን የእሳተ ገሞራ ምድር ነውና ከድንጋዩ እየሟሟ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእኛ አገር ግን የዚህን ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። እናቶቻችን ለልጅ ብለው ውሃውን አፍልተው ያጠጣሉ፣ ማፍላት ግን ተዋሲያኑን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይብስበታል።

የጎረቤቴ ልጅ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ጥርሷ ገና ከድድ ሥር ሳለ በፍሎራይዱ ተበላሽቶ ቡናማ ሆኖ በቅሎ ነው፤ ይህ ጉዳት የሚደርሰው በለጋ ዕድሜ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። የአባቷ ዕዳ ግን ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንገቱ ደረቀ፣ ሰው ሲጠራው መላ አካሉን ይዞ ይዞር ጀመር፣ በመጨረሻም ምእመኑ ሁሉ ሲሰግድ እርሱ ብቻውን መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ጎንበስ ማለት የተከለከለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ።

ይህ የእኛ መንደር ወሬ ብቻ አይደለም። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ለረጅም ዘመን የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው አከርካሪያቸው የደረቀባቸውን ሠራተኞች ሐኪሞች መዝግበዋል፤ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትም በ1987 እ.ኤ.አ. የሸለቆውን ሕመም ጽፈው አሳትመዋል። አንዴ የደረቀን አጥንት የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ዛሬ ደግሞ በየቀበሌው አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እኛ ሽማግሌዎችም የውሃውን ጥራት በዓይናችን እየመዘንን እንፈርማለን። ልቤ የሚፈራው ይህንን ነው፤ አሁን የሚጠጡት ሕፃናት የሚከፍሉትን እኛ በሕይወት ቆይተን አናየውምና። ቢሆንም ጊዜው አላለፈም። ውሃው ሊመረመር ይችላል፣ በአጥንት ከሰል ማጣራትም ይቻላል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው። ሁሉን ማዳረስ ቢያቅተን እንኳ እንዲህ ያለውን ውሃ ለእርጉዞችና ለትንንሾቹ መጠጥ እናስቀድም፤ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ ይሁን።

በቅርቡ ሌላ ጉድጓድ እንድትመርቁ ትጠራላችሁ። የላቦራቶሪውን ወረቀት ጠይቁ፣ የፍሎራይዱን ቁጥር አስነብቡ፣ እርሱን ሳትሰሙ እጃችሁን ለምርቃት አታንሡ።