ከአባት የሚወረሰውና ከገበታ የሚመጣው የልብ ሕመም

«አባቴ ቅቤና ሥጋ እየበላ እስከ እርጅናው በጤና ኖረ፤ እኔም ልጁ ነኝና ምን ያሠጋኛል» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። ሌላውም «አባቴ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ፤ የእኔም ዕድል ይኸው ነው» እያለ ተስፋውን ይቆርጣል። ሁለቱም አሳብ ቤተ ሰብን የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ለተከበራችሁ አንባቢዎች እውነቱን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል።

ሰው ከአባቱና ከእናቱ መልኩንና ቁመቱን እንደሚወርስ ሁሉ፥ ጉበቱ ኮሌስትሮል የሚባለውን ስብ ከደም የሚያጠራበትንም ኃይል ይወርሳል። ይህን ውርስ የሚሸከመውን ሊቃውንት ዘረ መል ይሉታል። ስቡ በደም ሥር ውስጥ እየተጋገረ የሄደ እንደ ሆነ መንገዱ ይጠባል፤ ልብን የሚመግበው ሥር በተዘጋ ጊዜም ልብ ደም አጥቶ ይጎዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓመተ ምሕረት ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ አንድ ውርስ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ተገኘ። በ2011 ደግሞ ከ27,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ታተመ። ይህን ውርስ ይዘው ሳለ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው በሚበሉት ዘንድ ጉዳቱ እጅግ ደክሞ ታየ። የተመረመሩት አውሮፓውያን፥ የደቡብ እስያ ሰዎች፥ ቻይናውያን፥ የላቲን አሜሪካ ሰዎችና ዐረቦች ስለ ነበሩ፥ ልኩን እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይገባም። በ2016 የታተመው የ55,685 ሰዎች ምርመራም፥ ክፉ ውርስ ያላቸው ሰዎች ትንባሆ ቢተዉ፥ በልክ ቢመገቡ፥ ሰውነታቸውን ቢያሠሩና ውፍረትን ቢከላከሉ አደጋው ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ገልጿል።

በአገራችን ሰዎችም ላይ የታየ ምስክር አለ። ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፥ በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በአገራቸው ሳሉ የስኳር ሕመም እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር፤ በ1988 ግን ቀድመው በሄዱት ዘንድ፥ በወጣቶቹ ላይ እንኳ ሳይቀር፥ በዝቶ መታየቱን ሐኪሞች ጻፉ። የስኳር ሕመም ደግሞ ለልብ ሕመም መንገድ ይጠርጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታቸውና ኑሯቸው ነው።

ይህን ለመረዳት ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በአዊ ምድር በጥርባ አካባቢ የሚኖረውን ባላገር እናስብ። ምግቡ ገብስ፥ ጤፍ፥ ድንች፥ ባቄላና ጎመን ነው፤ ቅቤና ሥጋ በበዓል ይመጣል፥ በጾምም ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ያርሳል፥ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ልጁ ተምሮ በእንጅባራ ወይም በአዲስ አበባ ሹመት ቢያገኝ፥ ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል፥ በመኪና ይመለሳል፥ የአባቱ የበዓል ምግብ ለእርሱ የዘወትር ምግብ ይሆናል። የአባቱን ዘር ወርሷል፤ የአባቱን እርሻና ገበታ ግን አልወረሰም። ስለዚህ የአባቱን ጤና ለራሱ ዋስ አድርጎ ሊጠራው አይችልም።

እንግዲህ የቤት አለቃና እመቤት የሚከተለውን ይፈጽሙ። ከዘመድ መካከል ወንድ ከ55፥ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዘ ወይም የሞተ እንዳለ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ይጻፉ፤ ለሐኪምም ያሳዩ። የደም ግፊትን፥ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ያስመርምሩ። በወጡ ላይ ቅቤውንና ጨውን ይቀንሱ፤ ጎመን፥ ምስርና ሽሮ ከገበታው አይታጡ፤ ፍራፍሬም ይጨመር። ትንባሆ ከቤት ይውጣ።

ደግሞ ኮሌስትሮላቸው በውርስ እጅግ ከፍ ያለ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ይህን ውርስ የያዘ እንደ ሆነ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩሌታ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የምግብ ጥንቃቄ ብቻውን ስለማይበቃ፥ በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ሊወስዱ ይገባቸዋል።

ዘርን ማንም መርጦ አይወለድም፤ ገበታን ግን በየቀኑ እመቤቲቱና ባለቤቷ ይመርጣሉ። ለልጆች ከሚተወው ርስት ጋራ ይህም ልማድ ቢተው እጅግ ይጠቅማል።