የቁስቋም ሰማይ የማን ነው? ጎንደርን በ«ጂ ፕላስ» መለካት ይቁም!

ጎንደር ውስጥ ስለ አዲስ ሕንፃ ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጂ ፕላስ ስንት ነው?» ባለሀብቱ በፎቅ ቁጥር ይኩራራል። የመንግሥት ተቋም የምረቃ ዜናውን በፎቅ ቁጥር ይጀምራል። ለቅርስ የሚቆረቆረው ሰው እንኳ «ከዚህ ፎቅ በላይ አይሠራ» እያለ በዚያው ቋንቋ ይሟገታል። ሁሉም የያዘው የተሳሳተ ሜትር ነው።

ጎንደር የኮረብታ ከተማ ናት። በኮረብታ ከተማ ዋናው ጥያቄ ሕንፃው ስንት ፎቅ አለው የሚለው ሳይሆን የት ቆሞ ምን ይጋርዳል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ማንም ሊያነበው የሚችል፣ ማንም ሊያልፈው የማይችል መልስ ያስፈልጋል። መልሱን ከሁሉ በፊት መቀበል ያለበት ደግሞ የግል ባለሀብቱ ሳይሆን ትልቁ የመንግሥት ገንቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው።

🔹 ቁስቋም አጥር ብቻ አይደለም

እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አጼ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር ሲመሩ፣ በከተማው ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት የግብጽ ስፍራ የተወሰደ ነው። ኅዳር 6 ቀን ምእመኑ ወደዚያ ዳገት የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የቀረው የፈራረሰ ግድግዳና ግንብ ነው። የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የአጼ ኢዮአስ አጽም ግን እዚያው አለ።

በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ «ፋሲል ግቢ» ብሎ የመዘገበው ቅርስ በፒያሳ አጠገብ ያለው የግንብ አጥር ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛና ቁስቋም የዚያው አንድ መዝገብ አካል ናቸው። እነዚህ ስፍራዎች በኮረብታና በሸለቆ ተበታትነው አንድ ከተማ ይሠራሉ። አንድ የሚያደርጋቸው ግንብ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው ክፍት አየር ነው። ከላይ ያለው ከተማውን ቁልቁል ያያል፤ ከታች ያለው ቀና ብሎ ኮረብታውን ያያል። ይህ መተያየት ከተቋረጠ ድንጋዩ አንድም ሳይነካ ቅርሱ ይጎድላል።

🔹 የፎቅ ቁጥር ለምን ያታልላል?

የፋሲል ግንብ ወደ 32 ሜትር ከፍታ አለው ይባላል። አንድ ፎቅ በትንሹ 3 ሜትር ቢታሰብ ጂ+10 የሆነ ሕንፃ ግንቡን ይበልጠዋል። የትምህርትና የሕክምና ሕንፃ ፎቅ ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ፎቅ ይረዝማል፤ አዳራሹ፣ ቤተ ሙከራው፣ በጣራው ሥር የሚሄደው ቱቦና ሽቦ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ የመኖሪያ ቤት ጂ+7 እና የዩኒቨርሲቲ ጂ+7 በወረቀት እኩል ሆነው በሰማይ ላይ እኩል አይደሉም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዳገቱ ነው። አዘዞ ያለው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን መሀል ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አዘዞ ላይ ጂ+10 ቢቆም ጣራው ከፒያሳ አስፋልት በታች ይሆናል። ያው ጂ+10 ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ተረተር ላይ ቢቆም የከተማውን ሰማይ ይከፍለዋል። በፎቅ ቁጥር የሚለካ ደንብ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንዱን ያለ ምክንያት ይከለክላል፣ ሌላውን ያለ ማመንታት ያሳልፋል።

ትንሽ ሕንፃ አይጎዳም የሚለውም ራስን ማታለል ነው። ስሌቱ የስምንተኛ ክፍል ነው። አንድ ሰው ቆሞ ከሚያይበት ቦታ 50 ሜትር ፊት ለፊት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ ማለትም ተራ ጂ+2፣ ቢቆም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከዓይኑ በላይ 160 ሜትር የሚወጣ ኮረብታ ሙሉ በሙሉ ይሰወርበታል። ቁስቋምን ለመደበቅ ሰማይ ጠቀስ አያስፈልግም። በተሳሳተ ቦታ የቆመ ጂ+2 ይበቃል።

🔹 አፈሩን የሚጠብቅ ሕግ

«ሕግ አለን» የሚል አይጠፋም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበት ስፍራ «የተከለለ» ተብሎ እንዲታወጅ፣ በዚያም ውስጥ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሕንፃና መንገድ እንዳይሠራ፣ ቁፋሮም እንዳይካሄድ ይደነግጋል። መልካም ነው። ግን ልብ ይሏል፤ አዋጁ የሚያስበው በመሬት ነው። ቆፋሪውን ይይዛል፣ በክልሉ ውስጥ የሚገነባውንም ይይዛል። ከክልሉ ሃያ ሜትር ወጣ ብሎ ሰማዩን የሚዘጋውን ግን አይነካውም። ሕጉ አፈሩን ይጠብቃል፤ እይታውን አይጠብቅም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ፣ እንዲሁም የሕዝብና የተቋም ሕንፃን በከፍተኛው ምድብ አስቀምጦ ጥብቅ የሙያ ቁጥጥር ይጠይቅለት ነበር። ይህ ሕንፃው እንዳይደረመስ ነበር፤ ምን እንደሚጋርድ አይጠይቅም ነበር። ክፍተቱን መሙላት የሚችለው የከተማ ፕላን ነው። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲያዘጋጁ ሥልጣን ሰጥቷል። የሕንፃ ከፍታ ወሰን የሚጻፈው እዚያ ነው። ስለዚህ ለጎንደር አዲስ አዋጅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ሰበብ እንጂ ምክንያት አይሆንም።

🔹 ዩኒቨርሲቲው ለምን ይቀድማል?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለከተማው ባለውለታ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የደምቢያ የወባ እልቂት ገና ትኩስ ነበር። ዛሬ ሆስፒታሉ ሚሊዮኖች ተስፋ የሚጥሉበት ነው። ማራኪ፣ አጼ ቴዎድሮስና አጼ ፋሲል ግቢዎቹ የነገሥታቱንና የከተማዋን ስም ተሸክመዋል። የታሪክ፣ የቱሪዝምና የቅርስ ትምህርት የሚሰጠው እሱ ነው።

ግቢው ግን ደሴት አይደለም። መደበኛው ነጋዴ አንድ ሕንፃ ሠርቶ ያርፋል፤ ዩኒቨርሲቲ በየበጀት ዓመቱ ይገነባል፤ መኝታ፣ ቤተ ሙከራ፣ የሕክምና ማዕከል። የከፍታ ወሰን በእሱ ላይ ካልሠራ በማንም ላይ አይሠራም። የቁስቋም ነዋሪ በቆርቆሮ ቤቱ ላይ አንዲት ክፍል ለመቀጠል «የቅርስ አካባቢ ነው» ሲባልና የመንግሥት ተቋም ግን በልዩ ሁኔታ ሲፈቀድለት፣ ሕዝቡ የሚማረው ስለ ቅርስ አይደለም። ደንብ ለደካማ ብቻ የተሠራ መሆኑን ነው የሚማረው።

«ዩኒቨርሲቲን በከፍታ ማሰር ኋላ ቀርነት ነው» የሚል ካለ ኦክስፎርድን ይመልከት። በዚያች የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ መሀል ላይ ካለው የካርፋክስ ግንብ በ1,200 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ሕንፃ ከ18.2 ሜትር ወይም ከባሕር ጠለል በላይ ከ79 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ የሚል ወሰን ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ሁለት መለኪያ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንዱ ከመሬት፣ አንዱ ከባሕር ጠለል። ኦክስፎርድ በዚህ ምክንያት ከዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጭራ አልሆነችም።

የኦክስፎርድ ስሕተትም ያስተምራል። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ፖርት ሜዶ በተባለው ጥንታዊ መስክ ጠርዝ ላይ ካስል ሚል የሚባሉ የተማሪ መኖሪያዎችን ሠራ። ሰማይ ጠቀስ አልነበሩም፤ ቢበዛ በእኛ አቆጣጠር ጂ+4 ናቸው። ነገር ግን ከመስኩ ይታይ የነበረውን የከተማውን የግንብ መስመር ጋረዱት። ቁጣ ተነሣ። አንድ ፎቅ ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ድምፅ ሰጥቶ ሐሳቡን ጣለው፤ ወጪው ከብዶ፣ ተማሪም ገብቶበት ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሀብታሙ ኦክስፎርድ ያላፈረሰውን አንድ ፎቅ ጎንደር ታፈርሰዋለች ብሎ የሚያምን አለ?

🔹 «ከድንጋይ ሰው ይቀድማል»

ይህ ክርክር ከባዱ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ታካሚ ወለል ላይ ተኝቶ ስለ እይታ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሆስፒታል ይስፋፋ፣ ተማሪ መኝታ ያግኝ፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ምርጫው በአልጋና በግንብ መካከል አይደለም። ምርጫው በቦታና በቦታ መካከል ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ ብቻ የለውም። በአንዱ ግቢ ሕንፃውን ዝቅና ሰፋ አድርጎ፣ ዝቅ ባለው ምድር ላይ ደግሞ ከፍ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ለታካሚውም ቢሆን ሊፍት በሚቆምበት፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ አልጋ በረከት ብቻ አይደለም።

«መሬት ጠበበን» የሚለውም እውነት አለው። የእርሻ መሬት እየበሉ ወደ ጎን መስፋፋት መፍትሔ አይሆንም፤ ከተማ ወደ ላይ ማደግ አለባት። አዎ፣ ትደግ! በአዘዞ በኩል ትደግ፤ ጣራው ከመሀል ከተማው አስፋልት በማያልፍበት ምድር ላይ ትደግ። የከፍታ ወሰን እድገትን መከልከያ ሳይሆን አቅጣጫ ማስያዣ ነው።

ደግሞስ ስለ ከፍታ መታዘዝ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር ነው? በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚገነባ ሰው ከሲቪል አቪዬሽን የከፍታ ፈቃድ ይጠየቃል። በዓለም አቀፉ መመዘኛ በትልቅ ማኮብኮቢያ ዙሪያ በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከማረፊያው ወለል 45 ሜትር በላይ ያለው አየር የተጠበቀ ነው። ልኩ የሚቀመጠው በፎቅ ሳይሆን በከፍታ ነው። ማንም «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ አይጮህም። ለአውሮፕላን ሰማይ ማስከበር ከተቻለ ለቁስቋም የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

🔹 ሳይቃጠል በቅጠል

የጀርመኗ ኮሎኝ እ.ኤ.አ. በ2004 ካቴድራሏ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባባት። ካቴድራሉ ላይ አንድ ድንጋይ አልተነካም ነበር፤ ጥፋቱ ከወንዙ ማዶ ረጃጅም ሕንፃዎች መታቀዳቸው ነበር። ከተማዋ ዕቅዱን ከልሳ ከፍታውን ስትገድብ እ.ኤ.አ. በ2006 ከመዝገቡ ወጣች። ያዳናት ነገሩ ገና ወረቀት ላይ እያለ መመለሷ ነው።

ቅርብ ያለው ላሊበላ ደግሞ የተቃራኒው ምስክር ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ለጊዜው ተብሎ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው የብረት መጠለያ፣ ነዋሪው በ2011 ዓ.ም. «ይነሣልን» ብሎ ሰልፍ ሲወጣ እዚያው ቆሞ ነበር። በአገራችን «ለጊዜው» እና «በልዩ ሁኔታ» የሚባሉት ቃላት ከኮንክሪት ይጠነክራሉ።

በጎንደር የኮሪደር ልማቱም የፋሲል ግቢ እድሳቱም ተያይዘው መጥተዋል። ጊዜው ይህ ነው። ግንቡን እያደሱ ሰማዩን መሸጥ በአንድ እጅ ጠግኖ በሌላው ማፍረስ ነው።

🔹 ምን ይደረግ?

1️⃣ የእይታ ነጥቦች ይመረጡ። ሁሉን ከሁሉም ቦታ መጠበቅ አይቻልም። ከፋሲል መዋኛ፣ ከፋሲል ግቢና ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወደ ቁስቋም፣ ከቁስቋምም ወደ ከተማው የትኞቹ መስመሮች ክፍት እንደሚቆዩ በካርታ ይውጣ። ካርታው በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

2️⃣ ወሰኑ በሁለት መለኪያ ይጻፍ፤ ከመሬት በሜትር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር። ዝቅተኛው ይግዛ። «ጂ ፕላስ» ከደንቡ ይውጣ። የጣራ ላይ ታንከር፣ አንቴናና የሊፍት ክፍልም ይቆጠሩ።

3️⃣ ለመንግሥት ተቋም የተከፈተ ልዩ በር ይዘጋ። ዩኒቨርሲቲው የየግቢዎቹን የግንባታ ፕላን ከነከፍታው ለሕዝብ ያቅርብ፤ የራሱ የቅርስና የአርክቴክቸር መምህራንም በአደባባይ ይተቹት።

4️⃣ ከፈቃድ በፊት ከፍታው በቦታው ይታይ። በስዊዘርላንድ ሕንፃ ከመፈቀዱ በፊት ቅርጹና ከፍታው በቦታው ላይ በምሰሶ ተተክሎ ጎረቤት ያየዋል። ጎንደር አጣና አላጣችም። አራት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች ተቀጣጥለው ጫፋቸው ላይ ጨርቅ ቢታሰር፣ የቁስቋም ቄስም የመዋኛው ዘበኛም ያለ መሐንዲስ ይረዱታል።

5️⃣ ሸክሙ በድሃው ላይ ብቻ አይውደቅ። በእይታ መስመር ውስጥ ቤቱን ከፍ እንዳያደርግ የተከለከለ ነዋሪ የሚካስበት መንገድ፣ በሊዝ ቅናሽም ሆነ ሌላ ቦታ በመስጠት፣ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ። ያለ ካሣ የሚጠበቅ ቅርስ ጠላት ያፈራል።

ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ከተማዋ ጠላቷን ታውቀው ነበር። የዛሬው ጥፋት እሳት የለውም፤ ማኅተም ያለበት ፈቃድና የምረቃ ሪባን ይዞ ይመጣል፤ ጭብጨባም አይለየውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ማኬት ፊት የቆመ ባለሥልጣን የፎቅ ቁጥር ሲጠራ የጎንደር ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው፤ «ይህ ሕንፃ ሲያልቅ ቁስቋም ከየት ነው የምትታየው?» መልስ ከሌለው ፊርማው ይቆየው።