ከቅጥሩ ውጭ ያለውም የአጥቢያው ሰው ነው
ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት



የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሳይሆን የየአጥቢያው ካህንና ምእመንም ስለሆነ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አጥቢያዎች በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ የሚሰጡት አገልግሎት የጥቂት ደጋግ ሰዎች ትሩፋት መሆኑ ቀርቶ በጀትና ኃላፊ የተመደበለት መደበኛ ሥራ ይሁን።

ከተማችን ሰው ከሰው እያራራቀች ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ገብቷል። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስን ነዋሪዎች አንሥቶ በየዳርቻው አስፍሯቸዋል። ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ እድሩን፣ ሰንበቴውንና የንስሐ አባቱን ግን ጭኖ መሄድ አይችልም። ዕድሜያቸው የገፋ እናት አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ ጉልበታቸው ከደረጃው ጋር መታገል ሲያቅተው ከቅዳሴ ይቀራሉ። በቀድሞ ሰፈራቸው ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ «ምነው ደህና አይደሉም?» የሚል ሰው በራቸውን ያንኳኳ ነበር። በአዲሱ አጥቢያ ግን ስማቸው በመዝገብ ስላልሰፈረ መቅረታቸውንም የሚያውቅ የለም።

በእነዚህ ሰፈሮች ምእመኑ አልሰነፈም። በቆርቆሮ መቃኞ ጀምሮ፣ ሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ከጉርሱ ቀንሶ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን እያነጸ ነው። ይህን ያህል የቻለ ሕዝብ የጎረቤቱን ደጅ ለመጎብኘት አቅም አያንሰውም፤ የጎደለው ሥርዓት ነው።

የሥርዓቱ መሠረት በእጃችን አለ። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ የተባለው ደንብ ሰበካ ጉባኤን አጽንቶልናል። ዛሬም ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመካከሩት በዚሁ ጉባኤ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምሳሌ አለን። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለቱ ማዕድ ሲረሱና ማጉረምረም ሲነሣ፣ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለሥራው ሾሙ። ለችግሩ ባለቤት ሰጡት።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ አካባቢውን ይወቅ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከብሎክ ኮሚቴዎችና ከእድሮች ጋር ሆነው፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ፣ የአልጋ ቁራኛ፣ ጠያቂ የሌላት አራስ የት እንዳሉ ይለዩ። የንስሐ አባት ለሌለው ይመደብለት። የሰው ገመና ያለበት መዝገብ ነውና በታመኑ ሰዎች እጅ ይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ አዳራሾቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ አይዘጉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዘመናት ለዚህች አገር ልጆች ፊደል ያስቆጠረች ቤተ ክርስቲያን ይህን እያየች ዝም ልትል አይገባትም። በየአጥቢያው መምህራንና ጡረተኞች አሉ፤ ጠረጴዛና መብራት ካገኙ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሊያስጠኑ ይችላሉ። ነርሶችና ሐኪሞችም ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት ሊለኩ፣ ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ጤና ጣቢያ ሊመሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ይወሰን። ከአጥቢያው ገቢ ወደ ሀገረ ስብከቱ የሚገባው ፐርሰንት በደንብ የታወቀ ነው፤ ለልመናም ለፈቃድም አልተተወም። ለአካባቢው ችግረኛ የሚውለውም እንዲሁ ይታወቅ፤ የወጣበትም በየጊዜው ለምእመናን ይነበብ። ሕንጻው እስኪያልቅ ይቆይ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ሕንጻ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ የታመመና የተራበ ሰው ያን ያህል ሊጠብቅ አይችልም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህ አገልግሎት ሙስሊሙንም ፕሮቴስታንቱንም ሊደርስ ይገባል፤ ማንንም ወደ እኛ ለመሳብ የሚዘረጋ ማባበያ ግን መሆን የለበትም። ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ቁስሉን አሰረ፣ በእንግዳ ማረፊያው ከፈለለት እንጂ ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። የተራራቀ ሕዝብ እንደገና መተማመን የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ደግሞ ከመተማመን የበለጠ የተራብነው ነገር የለም።

አባቶቼ፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ጀምሩ አልልም። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ካሉት አጥቢያዎች ጥቂቶቹን መርጣችሁ ለአንድ ዓመት ሥራውን በደብዳቤ እዘዙ። በጥቅምቱ አጠቃላይ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ ከገቢና ከሕንጻ ሪፖርት ጎን፣ ስንት አረጋዊ እንደተጠየቀና ስንት ተማሪ እንደተረዳ ይሰማ። ሙያውና ፈቃዱ ያለን ምእመናን በየአጥቢያው ዝግጁ ነን፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ትእዛዙን ነው።



ከአዲስ አበባ ምእመናን አንዱ