ከተርባይኑ እስከ ምጣዱ

ስለ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ቁጥር ይነሳል፤ 45,000 ሜጋዋት። ወንዞቻችን ሊያመነጩት ይችላሉ የሚባለው ይህ ኃይል በዕቅድ ሰነዶች፣ በባለሥልጣናት ንግግርና በአበዳሪ ተቋማት ጥናት ላይ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከዚህ አቅም አንድ ዘጠነኛ ያህሉ በአንድ ቦታ ተጨበጠ። ደስታው የሚገባ ደስታ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ እያዋጣ፣ ነጋዴውና ገበሬው ቦንድ እየገዛ፣ በውጭ ያለው ወገንም ዶላሩን እየላከ ያቆመው ግድብ ነው። ሆኖም ከዚህ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ የደረሰውም ቢሆን ሻማውን ከአጠገቡ አላራቀም። ክርክሬ አጭር ነው። ከእንግዲህ ዋናው ችግራችን ያለው ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቤታችን በተዘረጋው መስመር ላይ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ገንዘብ ከቀጣዩ ግድብ በፊት ወደዚያ መሄድ አለበት።

ቁጥሩን ራሱን ትንሽ እንፈትሸው። ሜጋዋት የሚነግረን ተርባይኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበታቸው ቢዞሩ የሚሰጡትን ኃይል ነው፤ በዓመት ውስጥ ስንት ኤሌክትሪክ እንደምናገኝ ለማወቅ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው ደግሞ 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ለዓመቱ ሰዓቶች ብናካፍለው አማካዩ ወደ 1,800 ሜጋዋት ይወርዳል። እዚህ ውስጥ የተደበቀ ጉድ የለም፤ የአባይ ውኃ የሚፈቅደው ይህን ያህል ነው፣ የተረፈው የተርባይን ጉልበት ምሽት ላይ ፍላጎት ሲያሻቅብ ያገለግላል። የተተከለው አቅም መጀመሪያ 5,250 ተብሎ፣ ኋላ ወደ 6,000 ከዚያም ወደ 6,450 ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻ ተመልሶ ሲወርድ አገር ምድሩ ተከራክሮበታል። የክርክሩ ሙቀት ግን አንድ ቤት ውስጥ ያለ አምፖል በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ ለማንም አልነገረም። 45,000 የሚለውም ቁጥር ያው ነው። ምን ያህል ውኃ ከምን ያህል ከፍታ እንደሚወርድ ያሰላል፤ ገንዘቡን፣ ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን አያሰላም።

ነገሩ ወለል ብሎ የሚታየው በአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ሥር ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል የተሰቀለ፣ 315 ኪሎቮልት አምፒር የሚሸከም ትራንስፎርመር እንውሰድ። በ15 ኪሎቮልት የሚመጣውን ኃይል ዝቅ አድርጎ በ380 እና በ220 ቮልት ለቤቶቹ ያድላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ 90 ምጣዶች አንድ ላይ ከተጣዱ ትራንስፎርመሩ ሞልቷል፤ ለአምፖል፣ ለፍሪጅና ለውኃ ማሞቂያ የሚተርፍ የለም። ሰፈሩ ሲመሠረት ይህ በቂ ነበር። ቀስ በቀስ ግን በየግቢው ሰርቪስ ቤት ተሠርቶ ተከራየ፣ መንገድ ዳር ብረት በያጅና እንጨት ቤት ተከፈተ፣ ወፍጮ ቤቱ ሁለተኛ ሞተር ጨመረ፤ ትራንስፎርመሩ ግን ያው የድሮው ነው። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ሁሉም ይጋግራል። ቤቶቹ በሦስቱ ፌዝ ላይ እኩል ስላልተከፋፈሉ አንደኛው ፌዝ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለችው እናት ምጣዷ ስለማይግል እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀርባታል፤ ጥቂት ቆይቶ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ከባሰም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ጉባ ላይ ያለው የሕዳሴ ግድብ ተርባይን በዚያች ደቂቃ ያለ እንከን እየዞረ ነው። የተቃጠለው ትራንስፎርመር በዚያው መጠን ባለው ከተተካም በሚቀጥለው በዓል ያው ነገር ይደገማል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ግድብ ይታያል። ስም አለው፣ ይመረቃል፣ አበዳሪም ተቋራጭም ያገኛል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ ጣና በለስ፣ ጊቤ 3፣ ገናሌ ዳዋ 3 እያልን የምንቆጥረው ታሪካችን የማመንጫ ታሪክ ነው። ለሰፈር ትራንስፎርመር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም። የተቋሙ አወቃቀርም ይህን ዝንባሌ አባብሶታል። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጫዎቹና ከፍተኛ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ችርቻሮው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጡ። የመጀመሪያው ለጎረቤት አገር በዶላር ይሸጣል፤ ሁለተኛው ከየቤቱ በብር ይሰበስባል። ቆጣሪው፣ ኬብሉና የትራንስፎርመሩ ዕቃ ግን ከውጭ ምንዛሪ አያመልጥም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ሸክሙ የወደቀው በዚሁ በሁለተኛው ትከሻ ላይ ነው። ከሚመነጨው ኃይል ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በመንገድ ላይ የሚባክነውም፣ ከየማማው ብረት እየተፈታ የሚሰረቀውም በዚህ ላይ ይታከልበት። ሁሉም ሰው የሚረግመው ደግሞ ይህንኑ የመጨረሻውን ተቋም ነው፤ ደንበኛው በኤሌክትሪክ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በእርሱ መስኮት ላይ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ቁጣ አለ። ሕዝቡ በጨለማ ተቀምጦ ለኬንያ፣ ለጂቡቲና ለሱዳን ኃይል ይሸጣል፤ የቀረውን ደግሞ የቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች ያነዱታል ይባላል። ቁጣው ይገባኛል፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይመስለኝም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው የ500 ኪሎቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎሜትር ይረዝማል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ይላክበታል። ማይኒንግ ኩባንያዎቹም ማሽኖቻቸውን የሚተክሉት ትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ነው። ሁለቱም ዓይነት ደንበኞች ኃይሉን የሚወስዱት ከዋናው ቱቦ ነው፤ ወደ ሰፈር የሚወርደው ቀጭኑ ቱቦ እስካልሰፋ ድረስ እነርሱ ነገ ቢባረሩ ለዚያች የመስመር ጫፍ እናት አንድ ዋት አይጨመርላትም። እንዲያውም ኃይሉን የሚገዛ ጠፍቶ ውኃው በከንቱ ከሚፈስ ዶላር ማምጣቱ ይሻላል። ጥያቄው ዶላሩ የት ይገባል የሚለው ነው። ከሽያጩ የተወሰነው እጅ በሕግ ተለይቶ ለማከፋፈያ መስመር ማደሻ ካልተመደበ፣ ሽያጩን የሚደግፍ ሰው የሚከራከርበት መሬት ያጣል። ማይኒንግን በተመለከተ መንግሥት አዲስ ደንበኛ አልቀበልም ማለቱ ደግ ነው፤ የሥራ ዕድልም ሆነ ዕውቀት እምብዛም ጥሎ የማያልፍ፣ የቢትኮይን ዋጋ ሲወድቅ ማሽኑን ጠቅልሎ የሚሄድ ደንበኛ ለዘለቄታው አይታቀድበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል። ኃይል በዝቶናል ያለው ማን ነው የሚል ነው። የሕዳሴ ግድብ የዓመት ምርት ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ በነፍስ ወከፍ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሰዋል። ይህ አንድ ምጣድ ለ37 ሰዓት ያህል ለማጋል ነው የሚበቃው። ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲበዛ ያለን ሁሉ አይበቃንም። በዚህ ላይ ሰማይ የሚከለክልበት ዓመት አለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ሐይቅ ውኃ ሲጎድል አገሪቱ በሙሉ ፈረቃ ገብታለች፤ ለሱዳን የሚላከውም ተቋርጦ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የማመንጫ ግንባታ ይቁም የሚልም የለም። ነገር ግን ከ10 እጅ ከዘጠኙ በላይ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ከውኃ የምታገኝ አገር ለድርቅ ያላት መልስ ሌላ ግድብ ብቻ ሊሆን አይችልም። ወንዞቻችን ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሞሉት በአንዱ ክረምት ነው። ነፋሳችን በአንጻሩ በበጋ ይበረታል፤ ሐይቆቹ በሚጎድሉበት ወቅት ማለት ነው። አሸጎዳ፣ አዳማና አይሻ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች መንገዱን አሳይተዋል፤ ድርሻቸው ግን ገና ከጥቂት አይዘልም። በኦሞ ላይ እየተሠራ ያለው ኮይሻ ከተጀመረ ወዲያ ይለቅ፤ ከእርሱ በኋላ ግን ወረፋው ለነፋሱ፣ ለፀሐዩና ለመስመሩ ይሁን። ማመንጫ መስመርን ቀድሞ በተገነባ ቁጥር ወለዱ እየቆጠረ፣ ውኃው ያለ ጥቅም እየፈሰሰ ይቆያል።

ወደ ክፍያው እንምጣ፤ ሁላችንም የምንሸሸው እዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ ታህሳስ 2011 ዓ.ም. ሳይነካ ቆየ። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ነበር። በእነዚያ 12 ዓመታት የጤፍም የሽቦም ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። መስመሩ ያረጀው፣ የጥገና መኪናው የቆመው፣ መጋዘኑ ትራንስፎርመር ያጣው በአንድ በኩል በዚህ ርካሽነት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚያድገው ታሪፍ በመርሁ ትክክል ነው እላለሁ፤ ቢመርም። ድሃው ይጎዳል ለሚለው፣ ለዝቅተኛ ተጠቃሚ የተለየ ዝቅተኛ ዋጋ አለ የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግን ግማሽ መልስ ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያገኘው የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። ድሃው ብዙ ጊዜ ቆጣሪ የለውም፤ ከአከራዩ ወይም ከጎረቤቱ ቀጥሎ ነው የሚጠቀመው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የአምስቱ ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ወደ ውድ እርከን ይወጣል። ዋጋ መጨመሩ ፍትሐዊ የሚሆነው ለእነዚህ ሰዎች ቆጣሪ ማስገባት ሲቀልላቸው፣ ክፍያውም በጊዜ ሲከፋፈልላቸው ነው። መስመር በአናቱ እያለፈ የማስገቢያው ገንዘብ ያጠረው ስንቱ ነው! ይህን ሰው ማገናኘት ለአገሪቱ ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው፤ ምሰሶው ቆሟልና።

ለገጠሩስ ፀሐይ አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። ተራርቆ ለሚኖር ሕዝብ ይሻላል፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በኋላ የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በጣራ ላይ ያለች አነስተኛ ፀሐይ አምፖልና ስልክ ትችላለች፤ ምጣድና ወፍጮ አትችልም። አብዛኛው ቤት በማገዶ እየጋገረ፣ ደኑ ወደ ምድጃ እየገባ ባለበት አገር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያው ፕሮግራም በፈረንጅ 2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ይደርሳል ብሎ ነበር። ዓመቱ መጥቶ ሄዷል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ነው። የዘርፉ ኃላፊዎች ለዓመቱ ሪፖርት ሲቀርቡ የተመነጨውን ጊጋዋት ሰዓት ሰምታችሁ አታጨብጭቡ። በየከተማው ደንበኛ በዓመት ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋበት፣ ከአቅም በላይ ከተጫኑት የሰፈር ትራንስፎርመሮች ስንቶቹ እንደተቀየሩ፣ ቆጣሪ ጠይቆ የሚጠብቀው ሰው ስንት ወር እንደሚጠብቅ፣ ከውጭ ሽያጭ ከተገኘው ዶላር ስንቱ ለማከፋፈያ መስመር እንደዋለ በዝርዝር አስቀርቡ። ዝርዝሩም በየክልሉና በየከተማው ተለይቶ ለሕዝብ ይታተም።