«አንተ» በሚባልበት ከተማ ትሕትና ምንድን ነው?

ለትምህርት ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚገርመው አነጋገሩ ነው። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ሽማግሌውን፣ ባለሱቋ ደንበኛዋን እንዲሁ ትላለች። «እርስዎ» እየተባለ ያደገ የጎጃም ወይም የሸዋ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ይሄማ ንቀት ነው» ብሎ ይቀየማል። ሰንበት ሲል ግን ያው «አንተ» ያለው ጎረቤት በታመመ ጊዜ ሾርባ ይዞለት ሲመጣ ያያል። ያኔ ነገሩ ይገባዋል።

እኔ ከዚህ የምንማረው አለ ባይ ነኝ። አክብሮትም ሆነ ትሕትና በቃል ብቻ አይለካም። በ«እርስዎ» ውስጥ ንቀት ሊደበቅ ይችላል፤ በ«አንተ» ውስጥም ፍቅር ይኖራል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ክርስቲያን ተማሪዎች ትሕትናን በአፍ የመጨረስ ልማድ አለን። «እኔ ምናምንቴ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት አይከብደንም። ነገር ግን አንድ ጓደኛችን «አዎ፣ እዚህ ጋ አጥፍተሃል» ቢለን ፊታችን ይጠቁራል። ራሳችን ስንለው ትሕትና የነበረው ሌላው ሲለው ስድብ የሚሆንብን ለምንድን ነው? በእኔ እምነት ትዕቢት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

በውጤት፣ በልብስ፣ በቤተሰብ ሀብት መኩራራት በቀላሉ ይታያል። ከባዱ በመንፈሳዊ ነገር መታበይ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጾሜአለሁ፣ አሥራት አውጥቻለሁ ሲል ዋሸ አልተባለም። ችግሩ እየጸለየ በጎን ቀራጩን ማየቱ ነው። እኛስ ስንዘምር፣ ስንሰግድ፣ ጉባኤ ስንመራ፣ ዶርም የቀረውን ልጅ በጎን አናይም?

ከድሬ ብዙም ሳይርቅ ቁልቢ ገብርኤል አለ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ስለቱን ይዞ ይጎርፋል። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድም አለ። ዳገቱ ላይ ባለሀብቱና የቀን ሠራተኛው እኩል ያልባቸዋል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ጥያቄው ታኅሣሥ 20 ላይ ነው። ድንጋዩን ያወረደ ሰው ከቁልቢ ሲመለስ የተጣላውን ጎረቤቱን ቀድሞ ሰላም ካላለ፣ የደከመው እግሩ ብቻ ነው።

በጸሎተ ሐሙስም በየቤተ ክርስቲያኑ አባቶች የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት መታሰቢያ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ብሎ ነበር። ነገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ጌታ ግን አልተቀበለውም። መታጠብም፣ መረዳትም ዝቅ ማለትን ይጠይቃል። ትምህርት ከብዶት እያለ ጓደኛውን «አስረዳኝ» ከማለት መውደቅን የሚመርጥ ተማሪ አለ። ይህን አንዳንዶች ዓይን አፋርነት ይሉታል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ትዕቢት ነው እላለሁ።

«ዝቅ ካልኩ እናቃለሁ» የሚል ይኖር ይሆናል። የሐረርጌን ማሽላ ልብ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ አንገቱን የሚደፋው ፍሬ ሲይዝ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው አፄ ካሌብም ዙፋኑን የተወው ተሸንፎ አይደለም። ከባሕር ማዶ ድል ካደረገ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መንኖ ገባ ብለው አባቶች ይተርኩልናል። ባዶ የሆነ ሰው መጎንበስ ይፈራል፤ ሌላ የሚታይለት የለውማ!

ታዲያ ምን እናድርግ? ከእኛ መናኝ መሆን አይጠበቅም። በዚህ ሳምንት የተጣላነውን ሰው ቀድመን «ይቅርታ» እንበል፣ ማን ጀመረው የሚለውን ትተን። ሲያርሙን መልስ ከማዘጋጀታችን በፊት እስኪጨርሱ እንስማ። ያልገባንን እንጠይቅ። ዶርሙን ተራችን ባይሆንም እንጥረግ፣ ጠረግኩ ብለንም አናውራ። ይህ ከባድ የሚሆነው ጉልበት ስለሚጠይቅ ሳይሆን ማንም ስለማያጨበጭብልን ነው።

በ«አንተ» ከተማ ውስጥ የምንማር ወንድሞችና እኅቶች፣ አንተ መባልን ከለመድን ታናሽ መሆንን መልመድ አያቅተንም። እግዚአብሔር ይርዳን።